ሮዛ ካሜራዋ አይሠራም

ነይ ዞሌካ፣ ነይ ግቢ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ነይ እንጂ ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬድሻል። ውሃ መጣልን አይደል? እኔማ ጠዋት ቧንቧው ሲያስል ስሰማ ጫማ እንኳ ሳላደርግ ነው ከአልጋ የዘለልኩት። እስቲ ሰፈራችንን ጆዛን እያት፤ ከዳር እስከ ዳር ልብስ ተሰጥቶባት ሠርግ ያለባት አልመሰለችም? እነዚያ አህዮች ግን ደግሞ መጥተው አጥሩ ሥር ቆመዋል። ባለፈው የፓስተሩን ሚስት ሸሚዝ እጅጌውን በልተውባት እሁድ በአንድ እጅጌ ልትመጣ ምንም አልቀራትም ነበር። አማትሽ ደህና ናት? ጉልበቷስ? ሳሚልኝ።

በይ የዚህን አንሶላ ጫፍ ያዢልኝ። መቆንጠጫዎቹን በአፍሽ ያዢያቸው፤ ምን ይደረግ፣ ሁለት እጅ ብቻ ነው የተሰጠን። ጨምሪ… ሁለት ጨምሪ። እንደሱ! አሁን አማረብሽ። አይገርምሽም ግን፣ ሰው አፉ በመቆንጠጫ ሲሞላ እንዴት ያለ አድማጭ ይወጣዋል? ሌላው ለዚህ ብሎ ከአምስት አህጉር ይሰባሰባል፤ እኛ እዚሁ ልብስ ማስጫው ሥር ጨረስነው።

ምነው? በዓይንሽ ወደ መስኮቱ ምን ታሳዪኛለሽ? ክፍት መሆኑን አይቻለሁ። ክፍት ይሁን፤ ቤቱ ይናፈስ። ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰው አይመልሱልንም፤ እስከ ማታ ድረስ አርምሞ ላይ ናቸው። ከሱባኤ ጓደኞቻቸው በቀር ለሌላ ሰው ቃል ከአፋቸው ከወጣ ሱባኤያቸው ይፈርሳል። ደግሞስ ስለ እሳቸው አወራሁ እንዴ? እኔ የማወራው ስለ አንዲት የማውቃቸው ሴት ነው። ስም ጠራሁ? አልጠራሁም። እናታቸው የእኔም እናት ናት፣ ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከዚህ በላይ አንዲት ቃል ከእኔ አይወጣም።

እና እኚህ የማውቃቸው ሴት… ወይ መታደል! ሱባኤ ገብተውልሻል። ሱባኤ ስልሽ ደግሞ እንደ አባቶቻችን ተራራ ወጥቶ፣ ብርድ ተመቶ፣ በረሃብ ደርቆ እንዳይመስልሽ። በኮምፒውተር ነው። አልጋቸው ላይ ትራስ ይደረድራሉ፣ ያቺን ሰማያዊ ሻርፕ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ ኮምፒውተሩን ይከፍታሉ፤ በቃ፣ ሆላንድ በለው፣ ብራዚል በለው፣ ጃፓን በለው፣ ያ ሁሉ ፊት መስታወቱ ላይ፣ ካርቶን ውስጥ እንዳለ እንቁላል በየጉድጓዱ ተቀምጦ ያያቸዋል። መምህሯ ነጭ ጸጉር ያላቸው አሮጊት ናቸው፤ ድምፃቸው ለብ ያለ ወተት ነው። «ቆም በሉ» ይላሉ፤ ይቆማሉ። «ዘና በሉ» ይላሉ፤ ዘና ይላሉ። «ልባችሁን ክፈቱ» ይላሉ… ይከፍታሉ! እንዲህ በቀላሉ! ልብ በሩ እንዲህ በቀላሉ የሚከፈት መሆኑን እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፤ አንቺስ ታውቂ ነበር?

ከዚያ ሁለት ሁለት አድርገው ያጣምሯቸዋል። አንዱ በልቡ ያለውን ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው፤ ምክር የለ፣ «እኔም እኮ አንድ ጊዜ» የለ፣ «አይዞሽ» እንኳ የለ። ከዚያ ተራው ይዞራል። ለብቻ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ አይደለም ተመስጦው፤ ሰው ፊት ሆኖ፣ ከሰው ጋር ነው። አርምሞ ከመግባታቸው በፊት እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስረዱኝ። «ከሰው ጋር መኖርን መማር ነው» አሉኝ። እኔማ ደስ አለኝ። አብረን የምንኖር ሰው፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለን፣ ከሰው ጋር መኖርን ሊማሩ ብራዚል ድረስ ሲሄዱ ደስ አይልም?

እኛ የሐሙስ ጸሎት ሴቶች እንዴት እንደሆንን ታውቂያለሽ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንጮሃለን፣ የማንም ቃል ለማንም አይሰማም፣ ደረት ይመታል፣ እንባ ይፈሳል፣ ከዚያ ሻይና ዳቦ። እግዜር እንዴት አድርጎ እንደሚለየው እሱ ይወቅ። እሳቸው ግን ተራ ያለው ነገር ነው የሚወዱት፤ አስተዳደጋቸውም ሥራቸውም እንደዚያ ነው። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበሩ ሰው አይደሉ? የሌባውን ቃል ለዳኛው፣ የዳኛውን ቃል ለሌባው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ሰው ሁሉ የሚያደንቃቸው በዚያ ነበር። ቤት ሲገቡ እርግጥ ቃል አልቆባቸው ነው የሚገቡት፤ የቀኑን ሁሉ እዚያ ሰጥተው። እኔ ተቀይሜ አውቃለሁ? አላውቅም። ደክሟቸዋል እል ነበር። ጡረታ ሲወጡ ያገግማሉ እል ነበር።

ሳብ አድርጊው እንጂ አንሶላውን፣ መሬት ነካ!

ጆሯቸውንማ ምን ልበልሽ። ዓይን ከዕድሜ ጋር ሩቁን እያየ ቅርቡ ይደበዝዝበት የለ? እኔ ያለ መነጽር መርፌ ክር አላገባም፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ፍየል ግን እቆጥራለሁ። ጆሮም እንደዚያ ይሆናል ማለት ነው እያልኩ ነው ሰሞኑን። ሆላንድ ያለ ሰውዬ ረዘም አድርጎ ሲተነፍስ ይሰሙታል፤ «ዛሬ ትንፋሽህ ከብዷል» ይሉታል። ሰውዬውም ያለቅሳል። ከግድግዳው ወዲህ ያለ ሰው የተነፈሰ እንደሆነ ግን… መቼም ርቀት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የእኔ ስፌት መኪና ብቻ ነው ከቅርብ የሚሰማቸው። እሱን ሰሙት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የሰፈሩ ዩኒፎርም እላዬ ላይ ተከምሯል፣ «ማማ ፑሜዛ የልጄ ቀሚስ ደረሰ ወይ» የሚል በሩን ያንኳኳል፤ እሳቸው ብቅ አሉ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። እህትሽ ስትሰግድልሽ ምን ትያለሽ? መኪናዬን አቆምኩ። ይኸው በእጄ እሰፋለሁ፤ ጣቴን አየሽው? ማግዊኛ ዳቦ ልጠብስ ዘይት ባስጮህ፣ ደግሞ ብቅ አሉ፣ ደግሞ ጎንበስ አሉ። ዘይቱን ከእሳት አወረድኩ። በቆሎና ባቄላ ቀቅዬ በራቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ይወስዳሉ፣ ጎንበስ ይላሉ። እንዲያው አንድ ቀን «ጨው አነሰው» ቢሉኝ ምን ነበረበት? እንዲህ ያለ ጨዋነት እኮ ሰውን ያስለቅሳል ዞሌካ። ከጨዋነታቸው የተነሣ ማለቴ ነው።

…ስለ ሮዛ አልነገርኩሽም እንዴ?

ውይ፣ ሮዛን! እዚያ ሱባኤ ውስጥ አንዲት ሮዛ የምትባል ሴት አለች። ዘግይታ የገባች። ፊቷን ማንም አላየውም፤ ካሜራዋ አይሠራም፣ ኔትወርኳም ደካማ ነው። በፊቷ ፋንታ ጥቁር ጉድጓድ ብቻ፣ ሥሩ «ሮዛ» ይላል። ከየት ነሽ ሲሏት «ከሩቅ» ብላ ጻፈች። መምህሯም ደግ ናቸው፣ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ባለሽበት ሁኚ» አሏት። እና ይኸውልሽ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ትናንት ከሰዓት፣ ሮዛን ከማን ጋር አጣመሯት? ከእነዚህ ከማውቃቸው ሴት ጋር!

ጥያቄው ምን ነበር መሰለሽ? «በሕይወትሽ ገና ያልተናገርሽው ምን አለ?» ነው። መጀመሪያ የሚናገሩት እሳቸው ሆኑ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፣ ሻርፓቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ ለዚያ ለጥቁሩ ጉድጓድ ምን አሉት መሰለሽ?

«ከፋሲካ በኋላ ቤቴን ልለቅ ነው» አሉት። «ሆግስባክ ተራራ ላይ አብረው በጸጥታ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ክፍል አዘጋጅተውልኛል። ለእህቴ አልነገርኳትም። ስንት ጊዜ ልነግራት ሞከርኩ። ልናገር ስል ሳህን ታቀርብልኛለች። አፌን በከፈትኩ ቁጥር የራበኝ ይመስላታል።»

ቀስ ዞሌካ፣ መቆንጠጫው እንዳይወድቅብሽ። ገና አልጨረስኩም።

«በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት» አሉ። «ነፍሴ ናት። ግን ዝም ማለት ትፈራለች። እናታችን የሞተች ቀን እንኳ ለቀስተኛው ሁሉ ስንት ዳቦ እንደሚበቃ ስታወራ ዋለች፤ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አጠገቧ ሆኜ የራሴን ሐሳብ ሰምቼ አላውቅም። ሳልነግራት እንዳልሄድ ደግሞ እፈራለሁ።»

እንዴት ያለ አነጋገር ነው! እንዴት ያለ ቅን ልብ! እንዲህ ያለውን ነገር ለሮዛ፣ ፊቷን ለማያውቋት፣ ከሩቅ ላለች ሴት! እኔ እንደሳቸው ያለ ለባዳ የሚራራ ሰው አይቼ አላውቅም።

እንዴት አወቅሽ አትይኝም? በዓይንሽ እያልሽኝ ነው፤ አየሁሽ። ሮዛ ነግራኝ ነዋ። እኔና ሮዛ እኮ እንቀራረባለን። የጫማ ቁጥራችን እንኳ አንድ ነው። መነጽሯ ለዓይኔ ልክ ነው። ስልኳን የስፌት ክፍል ውስጥ የክር ካርቶን ላይ አስደግፋ፣ ሳቋ እንዳያመልጣት የዩኒፎርም ጨርቅ አፏ ላይ ይዛ ነበር የተቀመጠችው፤ በየትኛው የስፌት ክፍል እንደሆነ እንግዲህ አልናገርም። ስም አልጠራሁም ብያለሁ።

አሁን ወደቀ! አላልኩሽም? አንሺው፣ አራግፊውና መልሰሽ በአፍሽ ያዢው፤ ምንም አይልሽም።

ደግሞ ሮዛን ተንኮለኛ እንዳታደርጊያት። በፊት ተጋብዛ ነበር፤ «አብረን እንግባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ብለሽ» ተብላ ተለምናለች። ሳቀች እንጂ አልገባችም። ታዲያ ሰሞኑን ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ሰማች። የእሳቸውን ሳቅ። ያ ሳቅ በልጅነታቸው ወንዝ ሲወርዱ የሚስቁት ነበር፤ ያን የመሰለ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ። እናታቸው ካለፈች ወዲህ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። እና ሮዛ፣ ማን ነው እንዲህ የሚያስቃቸው፣ ምን ብሎ ነው የሚያስቃቸው፣ እኔም ልማረው ብላ ነው የገባችው። ያም ሆነ ይህ፣ ይኸው ተማረች።

ከዚያ ተራው ዞረ። «ሮዛ፣ አሁን አንቺ» አሉ እሳቸው፣ በዚያች ለፍርድ ቤት በምትሆን ድምፃቸው። ሮዛ ምን ትበል? ትንፍሽ ብትል አለቀላት፤ ድምፅዋን ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ ያውቁታል። ዝም አለች። እሳቸውም አልቸኮሉም፤ ጠበቋት። አንዲት ያልታየች ሴትና እሳቸው፣ በመሃላቸው አንድ ግድግዳ፣ ዝም ተባባሉ። ሮዛ በዕድሜዋ እንደዚያ ረጅም ዝም ብላ አታውቅም። ዝም ስትል ደግሞ ለካ ብዙ ነገር ይመጣል… የእናቷ እግር ድምፅ ይመጣል፣ ሳታለቅስ የዋለችበት ቀን ይመጣል፣ ያ ሁሉ ዳቦ ይመጣል። ጨርቁን ነከሰች። ሳቋ እንዳያመልጣት ነበር የያዘችው፤ ያመለጣት ግን ሳቅ አይደለም።

መጨረሻ ላይ እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። «ሮዛ፣ አመሰግንሻለሁ» አሏት። «እንዲህ አድርጎ ዝም ያለልኝ ሰው የለም።» አለቀሱ። ለጥቁር ጉድጓድ! እንዴት መታደል ነው፣ ምንም ሳይናገሩ እንደዚያ መወደድ!

ወዲያው የመብራት ፈረቃው ደርሶ ድርግም። ኮምፒውተሩም ሄደ፣ ሮዛም ከመብራቱ ጋር ሄደች። እኔ ብቻ ነኝ ኮሪደሩ ላይ የቀረሁት። እሳቸውም ከክፍላቸው ወጡ። ፊት ለፊት ተያየን። የእሳቸው ዓይን ቀልቷል፤ የእኔ ደግሞ… «የክር ብናኝ ገብቶብኝ ነው» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ! አርምሞ ላይ ናቸው፣ በምን አፋቸው ይጠይቁኛል? ቆም አሉ። ጠጋ አሉ። የሆነ ነገር ሊሆን ነበር ዞሌካ፣ እመኚኝ፣ ትንሽ ብታገሥ የሆነ ነገር ሊሆን ነበር።

ምን አደረግሽ ነው የምትይው? ምን አደርጋለሁ! ሳህን አቀረብኩላቸው።

እሺ፣ እሺ፣ ሳቂ፤ መቆንጠጫውን ግን እንዳትውጪው። እኔም ስቄያለሁ። የድስት ዳቦ ነበረኝ፣ በቅቤ ቀብቼ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ። ጎንበስ አሉ። ገብተው በራቸውን ዘጉ፤ ቀስ ብለው ነው የዘጉት፣ ያዳምጡ ነበር መሰለኝ። እኔም ቆሜ በሩን አዳመጥኩ። ሁለታችንም ጎበዝ ተማሪዎች ነን።

እና ከትናንት ጀምሮ የማስበው ምንድን ነው፣ ሆግስባክ ብርድ ነው አይደል? ክረምት በረዶ ይጥላል። ለእሳቸው ደግሞ ደረታቸው አይመችም። ግን ጸጥታ ይሞቃል ይላሉ፤ የሞቀው ሰው ነው የሚያውቀው። ደግሞ ልክ ናቸው፤ እዚህ ምን አላቸው? የመኪና ጩኸት፣ የዘይት ጩኸት፣ የእኔ ጩኸት። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቃል ሲያመላልስ ኖሮ፣ በስተርጅና የራሱን ቃል ፍለጋ ተራራ ቢወጣ ማን ይፈርድበታል? እኔ? እኔ ምን ቤት ነኝ፣ እኔ ጀርባ ላይ የታዘልኩ ነኝ እንጂ…

ቆይ። ዝም በይ። መስኮቱ ተዘጋ?

ዞር አትበይ። በሩ ነው። ወጣች። እሳቸው… ወጡ ማለቴ ነው። በባዶ እግራቸው ናቸው። ዞር አትበይ አልኩሽ! አንቺ ዝም ብለሽ ካልሲውን ስጪ፣ እኔም ምንም እንዳላየሁ ነኝ። የት አቆምኩ? አዎ፣ ነፋሱ። ጥሩ ነፋስ ነው፣ ከሰዓት በፊት ይደርቅልናል።

አንሶላውን ከእጅሽ ወሰደችው? ልቀቂላት። ልቀቂላቸው። ይጭመቁት፣ ጉልበት አላቸው። እናታችን አንሶላ የምታስጨምቀን ሁለታችንን ነበር፤ እህቴ ወደዚያ ታጠማዝዛለች፣ እኔ ወደዚህ። ይኸው አሁንም እጇ አልረሳም… እጃቸው። ምላሴ ዛሬ ምን ነካው።

እያየችኝ ነው? አትንገሪኝ። እኔ ዓይኔን ከአንሶላው አላነሣም።

ዞሌካ… አፏን ከፈተች። ልትናገር ነው። ስለ እኔ ብላ ሱባኤዋን ልታፈርስ ነው… አይሆንም! አይሆንም፣ አይሆንም፣ እኔ ባለሁበት የማንም አርምሞ አይፈርስም! ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ሆላንድና ጃፓን፣ በእኔ በአንዲት ልብስ ሰፊ ምክንያት ከንቱ አይቀርም! ይልቅ እኔ ልመርቃቸው፤ ለመመረቅ መልስ አያስፈልግም፣ ዝም ብሎ መቀበል ነው። አንቺም መቆንጠጫሽን አውጪና አሜን በይልኝ፤ እሳቸው ማለት ስለማይችሉ ለሁለት በይ።

እግዚአብሔር ያችን የማውቃትን ሴት መንገዷን ቀና ያድርግላት። ተራራው በደህና ይቀበላት። እዚያ በሯን የሚያንኳኳ አይኑር፤ ስታስብ የሚያናጥባት፣ ስትናገር የሚቀድማት አይግጠማት። ሲያስላት ከግድግዳው ማዶ «ምን ሆንሽ» ብሎ እንቅልፉን የሚያጣ፣ ደጅ ስታመሽ መጋረጃ ገልጦ መንገድ የሚያይ፣ በልጅነት መጠሪያዋ የሚጠራት አንድ ሰው እንኳ አጠገቧ አይድረስ። ሮዛዎችን ያብዛላት፤ ፊት የሌላቸው፣ ድምፅ የሌላቸው፣ ሥጋ ያልሆኑ። ዕድሜዋንም ያርዝምላት፣ ከእኔ ዕድሜ ላይ ቀንሶም ቢሆን ያርዝምላት፤ ያን ሁሉ ዕድሜ ደግሞ፣ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ድረስ፣ ማንም ሳይሰማት፣ በፍጹም ጸጥታ ያድርግላት። አሜን።